መምህሬ ራዶዬ ቀስ ብሎ ይናገር ነበር

እትዬ ለተብርሃን የደወለችልኝ እሑድ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ፣ ስኔሊንግ አቨኒው ላይ መኪናዬ ውስጥ ገና እንደተቀመጥኩ ነው።

«ሌንሴ፣ ያ ሰውዬሽ ሞተ። ሐሙስ ዕለት ቀብረውታል።»

«የቱ ሰውዬ?» አልኳት፣ የቱ እንደሆነ እያወቅኩ።

«ራዶዬ ነዋ! ስንት ሰውዬ አለሽ?»

ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ለማያውቁት ሰው እንኳ ይባላል። እኔ ግን ሞተሩን አስነሣሁ፣ ማሞቂያውን ከፈትኩ፣ መስታወቱ ላይ ያለው ጉም እስኪለቅ ጠበቅኩ። እትዬ ለተብርሃን ነገሩን ከሥር መሠረቱ ስለምታውቅ አልቸኮለችብኝም። በመጨረሻ ነፍስ ይማር አልኩ። ያልኩትም እሷን ላለማስቀየም ነው።

ሰው ስለማይረሳው ሰው ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደግ ሰው ነው። እኔም የራዶዬን ደግነት አልክድም። እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ ወዲህ እንደ እሱ ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። እንደ እሱ አሳልፎ የሰጠኝም የለም። ያን ጊዜ በልቤ «አንቱ» ነበር የምለው፤ በእንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አይታወቅልኝም እንጂ። ዛሬ «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። አውቄ ነው።

የተዋወቅነው ዉድበሪ በምትባል ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እኔ ነርሲንግ አሲስታንት ነበርኩ፤ ሥራዬ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ከአልጋ ማንሣት። ከቤቴ ከሪችፊልድ ድረስ በየቀኑ እነዳለሁ። እትዬ ለተብርሃን ኩሽና ውስጥ ነበረች። አስመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች ኤርትራዊት ናት፤ ቤት ውስጥ በኦሮምኛ ካደገችው ከእኔ ከጊንጪዋ ልጅ የተሻለ አማርኛ ትጽፋለች፤ ይህንንም በየጊዜው ታስታውሰኛለች።

ራዶዬ የመጣው ዳሌው ተሰብሮ ከተጠገነ በኋላ ነው። ስሙ ራሱ ራዶዬ ነው። እትዬ ለተብርሃን ስጠራው ስትሰማ ያቆላመጥኩት መስሏት «ገና ሳምንት ሳይሞላው ራዶዬ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከሞንቴኔግሮ ነው። ኒክሺች በምትባል ከተማ ዕድሜውን ሙሉ ቋንቋ ሲያስተምር ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት ልጁ ቬስና ወደዚህ አመጣችው። አገሩ ከሰርቢያ ተለይታ ለብቻዋ የቆመችው በቅርቡ ነበርና ቋንቋህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀውን ሁሉ በቀለበቱ ጠረጴዛውን ኳ ኳ እያደረገ «ሞንቴኔግሪኛ!» ይለዋል። ሰርቢኛ ነው ያለችውን አንዲት ነርስ ሁለት ቀን አኩርፏታል። እትዬ ለተብርሃን ይህን ስትሰማ «በእሱስ አትፍረዱ፤ ያገርን ስም ለሰው ማስለመድ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔን ጠይቁኝ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላጥበው ገባሁ። ሲደክመው እንግሊዝኛው ይጠፋበታል። እግሩን ሳነሣው «ኔ ሞጉ! ኔ ሞጉ!» ብሎ ጮኸብኝ። የሰደበኝ መሰለኝ። ስድቡንም ቢሆን ማወቅ ፈለግኩና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እዚያ ቤት ሲጮህ በሩን ዘግቶለት የሚሄድ እንጂ ምን አልክ ያለው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

«አልችልም ማለት ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ማንሣት አልችልም።»

«ኔ ሞጉ» አልኩ።

«ሞ ላይ ያዝ አድርጊው። ሞጉ።»

በማግስቱ ስገባ ፒጃማው ላይ ከረባት አስሮ ጠበቀኝ። እንዲህ ነው የጀመርነው።

ሺፍቴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል። የመውጫ ሰዓት ካርዴን ከመታሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት እሱ ክፍል እቀመጣለሁ። ከምሳ ትሪ ጋር የሚመጣውን የምግብ ዝርዝር ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፍልኛል። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ፣ እስክጽፍ ጠብቆ፣ ቀና ብሎ አይቶኝ፣ ከዚያ ቀጣዩን። ቃሉን ካገኘሁት ቅንድቡን ያነሣል። ካላገኘሁት በቀለበቱ ኳ ያደርጋል፤ አይቆጣም።

«ስምን በጣትሽ ትጠቁሚዋለሽ» ይለኝ ነበር። «ዳቦ፣ መስኮት፣ ጫማ። ለዚያ መምህር አያስፈልግሽም። ለስድስት ግሶች ግን መምህር ያስፈልግሻል። እነሱን ካወቅሽ የትም አትጠፊም።»

ስድስቱን ዛሬም ተኝቼ ብቀሰቀስ እላቸዋለሁ። ሞጉ፣ እችላለሁ። ኡሚየም፣ አውቅበታለሁ። ሆቹ፣ እፈልጋለሁ። ሞራም፣ ግድ ነው። ትሬባ፣ ያስፈልጋል። ስሚየም ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ይፈቀድልኛልም እደፍራለሁም ማለት ነው። እነዚህ ብቻቸውን አይቆሙም፤ ከኋላቸው ሌላ ግስ ይከተላል። መሄድ እችላለሁ ለማለት «ሞጉ ዳ ኢዴም» ነው፤ ሁለቱም ግሶች «እኔ» ይላሉ። ከሁለተኛው ላይ እኔነቱን ትቶ መናገርም ይቻላል፣ ግን ለጀማሪ አይፈቅድም ነበር። «ሁለቱም ይመስክሩ» ይላል። ትሬባ ብቻ ለእኔም ለአንቺም ለእሱም አይለወጥም። «እሷ ማንንም አታውቅም» ይልና ይስቃል።

እኔንም ይጠይቀኝ ነበር። በአማርኛ ግድ ነው ስትሉ ምን ትላላችሁ አለኝና «መሄድ አለብኝ» አልኩት። ቃሉን እንድበታትንለት አደረገኝ። እላዬ ላይ አለ እንደ ማለት መሆኑን ስነግረው ከረባቱን አላልቶ ወደ ኋላ ተደገፈ። «አፍሽን በፈታሽበት ቋንቋስ?» አለኝ። በኦሮምኛ መሄድ አለኝ እንደ ማለት ነው አልኩት። ሁለቱንም በራሱ ፊደል ጽፎ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከጊንጪ ከወጣሁ ጀምሮ የኦሮምኛዬን ሰዋስው የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥራ ሲያስለምዱኝ ቪዲዮ ከፍተውልኝ ነው የሄዱት። እሱ ግን እንደ ተማሪ ቆጠረኝ። ይህንን ነው የወደድኩለት፤ አልዋሽም፣ እንደ አባቴ ወደድኩት።

ያስቁን የነበሩ ስሕተቶችም ነበሩኝ። በእኛ «መብላት የለብህም» ካልን ክልክል ነው። በእነሱ ግን «ግድ አይደለም» እና «ክልክል ነው» የሚባሉት በሁለት የተለያዩ ግሶች ነው። አንድ ቀን ሻዩ ላይ ስኳር ሊጨምር ሲል ልከለክለው ብዬ «ኔ ሞራሽ» አልኩት፤ ግድ የለብህም፣ ከፈለግክ ተወው ማለቴ ሆነ። ሦስት ማንኪያ ጨምሮ አማሰለና «መምህርቷ ፈቅዳልኛለች!» ብሎ ለነርሷ ሳይቀር አወራ። ስኳር ያለበት ሰው ነው። እስከ ማታ ልቤ እንደተንጠለጠለ ዋለ፤ እሱ ግን ባየኝ ቁጥር ማንኪያውን ያነሣልኛል።

ስለ ልጁም ልናገር። ቬስና ረጅም፣ ጥድፊያ የማይለያት፣ ጥሩ ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። ከአባቷ ጋር በቋንቋቸው ያወራሉ፣ እኔ አልጋውን አነጥፋለሁ። እንደምሰማ አታውቅም። «አትንገሪያት» ብሎኛል። «አንድ ቀን ድንገት ስትናገሪ ትደንግጥልኝ።» እሷ ስታወራ እሱ ከትከሻዋ በላይ ይጠቅሰኛል። የምትለውን አብዛኛውን እይዝ ነበር። አትችልም፣ አይፈቀድልህም፣ ግድ ነው። ክፉ ሰው አይደለችም። አባቷን የምትወደው በመከልከል ነው። አንድ ጊዜ ሳያስፈቅድ ብቻውን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዶ ተገኝቶ ነበር፤ ያን ቀን «ሁለተኛ እንዲህ ካደረግክ በሩ የሚቆለፍበት ክፍል ነው የማስገባህ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ራዶዬ አልጠቀሰኝም።

በዚያው መኸር ነርሲንግ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ማለቴ ተቀበሉኝ። ትምህርቱ በጥር ይጀምራል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰድኩ የጠበቅኩት ነገር ነው። ደብዳቤውን ከባሌ ቀጥሎ ያሳየሁት ለራዶዬ ነው። መነጽሩን አድርጎ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ አቁሞኝ «ሞጉ፣ ኡሚየም፣ ሆቹ» አስባለኝ፤ እችላለሁ፣ አውቅበታለሁ፣ እፈልጋለሁ። ሦስቴ አስደገመኝ። በሩ ላይ የነበረች አንዲት አሮጊት አጨበጨበችልኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ራዶዬ ዝም ማለት አበዛ። ምሳውን መመለስ ጀመረ። ምን ሆነህ ነው ስለው ስለ ቅዱሱ ነገረኝ። በእነሱ አገር እያንዳንዱ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አንድ ቅዱስ አለው። የእነ ራዶዬ ቅዱስ ኒኮላ ነው። በዓመት አንድ ቀን ዳቦ ይጋገራል፣ ሻማ ይበራል፣ ስንዴ ይቀቀላል፣ ቄስ ዳቦውን ባርኮ ከአባወራው ጋር ይቆርሰዋል። በኮሚኒስቶቹ ዘመን እንኳ መጋረጃ ዘግቶ አባቱ አላቋረጠውም። ራዶዬም አላቋረጠውም። ዘንድሮ ግን ቬስና ብርድ ነው፣ በሚመጣው ዓመት እናደርገዋለን ብላዋለች።

«በሚመጣው ዓመት!» አለ። ዕድሜውን በጣቶቹ ቆጠረልኝ።

እንግዲህ ይህን ለእኔ ነው የሚነግረኝ። አባቴ ጊንጪ ላይ የሚካኤልን ዝክር ከአባቱ ተቀብሎ የሚያወጣ ሰው ነው። ዝክር የታጎለበት ቤት ምን እንደሚባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ፈረንጅ መስሎኝ የነበረው ሰው ድንገት የሰፈራችን ሰው ሆነብኝ። እንባዬ መጣ።

ከሦስት ቀን በኋላ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። «ስሚየም» አለኝ። ተፈቅዶልኛል። ቬስና እሺ ብላለች፣ እሷ ግን ሥራ አለባት፣ አንቺ ትወስጂኛለሽ? አለኝ።

ለእትዬ ለተብርሃን ስነግራት ድንች የምትልጥበትን ቢላ አስቀመጠች።

«የመውጫ መዝገቡ ላይ ልጁ ፈርማለች?»

«እሱ ነዋ የነገረኝ!»

«እሱ ነገረሽ። ሂጂና ዴስኩ ላይ ቼክ አድርጊ። ልጄ፣ ሰውየው አባትሽ አይደለም።»

አልጠየቅኩም። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ፤ ጥፋቴን አልሸሽግም። ዴስኩ ላይ ሄጄ «ሽማግሌው ያሉት እውነት ነው?» ብዬ መዝገብ ላስገልጥ? በአባት ዕድሜ ያለ ሰው ቃሉን ሰጥቶኝ? ነውር ሆነብኝ። እዚያ ቤት የሚሠሩት አሜሪካኖች ሳያስቡ የሚያደርጉትን ነገር እኔ ማድረግ አቃተኝ።

በዓሉ የዋለው በዕረፍት ቀኔ ነበር። ከዋዜማው ዳቦውን ጋገርኩ፤ እሱ እንደነገረኝ አደርጋለሁ ብዬ በመጨረሻ የእናቴ ድፎ ሆኖ ወጣ፣ መስቀል ብቻ ጨመርኩበት። ራዶዬ ሲያየው ሳቀ፣ ከዚያ ሳመው። ጠዋት በኋላ በር በኩል በተሽከርካሪ ወንበር አውጥቼ መኪናዬ ውስጥ አስገባሁት። የኋላው በር ይቀርባል ያለኝ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ደረስን። ቄሱ ዳቦውን ይዘው በክብ ሲያዞሩት ቤተሰቡ ሁሉ እጁን ያሳርፍበታል። ራዶዬ ብቻውን ነበር። ዞር ብሎ «ያዥ» አለኝ። ያዝኩ። ሦስታችን አዞርነው፣ ወይን አፈሰሱበት፣ ቆረሱት። ራዶዬ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስንመለስ በሩ ጋ በረዶ ነበር። ወንበሩን ከኋላ ላወጣ ዞርኩ። «አውቅበታለሁ» ብሎ ራሱ ሊወርድ ሞከረና ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ። አምቡላንስ ጠራሁ፣ ጃኬቴን አልብሼ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ቬስና ስትመጣ ነው ምንም እንዳልፈቀደች፣ ጭራሽ እንዳልተጠየቀች ያወቅኩት። መዝገቡ ባዶ ነበር።

በሳምንቱ ስብሰባ ጠሩን። የቤቱ ኃላፊ፣ ዋና ነርሷ፣ ቬስና፣ እጁን በጀሶ ያሰረው ራዶዬ፣ እኔ። ከረባት አስሮ ነበር። አላየኝም። ኃላፊው በትሕትና፣ «ለመውጣት የጠየቁት እርስዎ ነዎት?» አለው። ራዶዬ ልጁን አየ። እንግሊዝኛ ያን ቀን አልጠፋበትም፣ ግን በቋንቋው መለሰ፣ ቬስና እንድትተረጉምለት።

«ኒየሳም ህትዮ» አለ። አልፈለግኩም። ትንሽ ጠበቀ። «ኦና ዬ ህትየላ።» እሷ ናት የፈለገችው። ደግሞ ጠበቀ። «ኒየሳም ስሚዮ ዳ ካዤም ኔ።» እምቢ ለማለት አልደፈርኩም።

ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ። ቬስና ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰችው በፊት እያንዳንዷ ቃል ገብታኝ ነበር። ያስተማረኝ እሱ ነዋ።

«ሌንሴ፣ የምትጨምሪው አለ?» አለኝ ኃላፊው።

ምን አልነበረኝም? በአራት ቋንቋ ነበረኝ። ዋሽቷል፣ ተፈቅዶልኛል ያለኝ እሱ ነው፣ ቄሱን ጠይቁ፣ እንዴት እንዳለቀሰ አይተዋል። ግን ሽማግሌ ሰው፣ ያውም በልጁ ፊት፣ ያውም እጁ ተሰብሮ፣ ዓይኑን እያየሁ ዋሾ ልለው? ደግሞም አንድ ነገር አሰብኩ። ልጁን ፈርቶ ነው አልኩ። ያ የሚቆለፈው ክፍል ትዝ ብሎት ነው። ዛሬ ማታ ሕሊናው አያስተኛውም፣ ነገ ጠርቶ ይነግራቸዋል። ስለዚህ «የለም» አልኩ።

ጠበቅኩ። በማግስቱ ከሥራ ተሰናበትኩ። ጠበቅኩ። ምርመራ ተጀመረ፣ ትምህርት ቤቱም ነገሩ እስኪጣራ አትጀምሪም አለኝ፣ ጥር ሄደ። ጠበቅኩ። በፀደይ ደብዳቤ መጣ፤ በእጄ ያለን አረጋዊ ለጉዳት አጋልጫለሁና ከሕሙማንና ከአረጋውያን ጋር መሥራት ተከልክያለሁ። ነርስነቱ በዚያው ቀረ። ደብዳቤውን ባሌ ጮክ ብሎ ሲያነበው የስምንት ዓመት ልጄ ከሶፋው ላይ ሆና «ማሚ፣ ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ቴል ዜም?» አለችኝ። ለምን አልነገርሻቸውም ማለቷ ነው፤ ባሌም ራሱ የጠየቀኝ ይመስል ቀና ብሎ መልሴን ጠበቀ። ደብዳቤውን ከባሌ እጅ ተቀብዬ አጠፍኩት።

አሁን የማሸጊያ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ካርቶን አያምም፣ አይወድቅም፣ አያስተምርም።

ራዶዬን ሁለት ዓመት ያህል አላየሁትም። አንድ ቀን እትዬ ለተብርሃን ደወለችና «ስለ አንቺ እየጠየቀኝ ነው። ደክሟል። ብትሄጂ ብትቀሪ የራስሽ ነገር ነው» አለችኝ። አንድ ሳምንት አሰብኩበት። የሄድኩት ይቅርታ ይለኛል ብዬ ነው። ከዚያ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንድ ቃል ካለኝ ተውኩት እለዋለሁ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ማንኛውም ጠያቂ በፊት በር ገባሁ፣ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ።

ያ ትልቅ ሰውዬ የአልጋው እኩሌታ ሆኖ ጠበቀኝ። ከረባቱን ግን አስሯል። ሲያየኝ ቅንድቡን አነሣ፤ ልክ ቃል እንዳገኘሁ።

«ቁጭ በይ» አለኝ በቋንቋው። «ረስተሽዋል?»

«አልረሳሁም» አልኩት በቋንቋው።

ደስ አለው። እንዴት ነሽ፣ ልጅሽ እንዴት ናት፣ ትምህርቱስ አለኝ። ትምህርቱስ! የሆነውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያዝን ሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያን ቀን ያልኩትን ሰምተሻል?»

«ሁሉንም።»

«አውቃለሁ። እንድትሰሚው ብዬ ነው ቀስ ያልኩት። ካንቺ ደብቄ ማድረግ አልፈለግኩም።»

«ታዲያ ለምን?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የሚቆለፈው ክፍል መስኮት የለውም አለኝ። ይህን ጠብቄው ነበር። ፍርሃቱን ይቅር ልል ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ግን ቀጠለ።

«ሌላዋ ብትሆን አልደፍርም ነበር» አለ። «ሌላዋ እዚያው ዋሾ ትለኝ ነበር። አንቺ ግን ጥሩ አድርገው ያሳደጉሽ ልጅ ነሽ። በልጄ ፊት እንደማታዋርጂኝ አውቅ ነበር። ባንቺ ተማመንኩ።»

ይህን ያለኝ እያመሰገነኝ ነው። በፊቱ ላይ ኩራት ነበር፤ መምህር በተማሪው የሚኮራው ዓይነት። ደነገጠና ዋሸ እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ የተሟገትኩለት ሰው፣ ለካ አስቦበት ነው። ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ቀለበቱን ኳ ኳ እያደረገ እኔ እሱን ስማር እሱም እኔን ሲማር ነበር። ምን እንደምችል፣ ምን እንደማልደፍር ከራሴ አፍ ሰምቶ አጥንቶኛል። ሳያውቀኝ ቢበድለኝ በስንት ጣዕሙ! አቃጠለኝ፤ አሁንም ስጽፈው ያቃጥለኛል። ተነሣሁ።

በሩ ተከፈተና ቬስና ገባች። ስታየኝ ባለችበት ቆመች። የያዘችውን አበባ ሳታስቀምጥ ወደ አባቷ ዞራ በቋንቋቸው «ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች? አስቸገረችህ?» አለችው።

ራዶዬ እኔን አየኝ። ከዚያ እሷን።

«አላስቸገረችኝም» አላት፣ ቃል በቃል እየለየ። «ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። እኔም ይቅር ብያታለሁ።»

ዋሽቷል የሚለውን ቃል በቋንቋቸው አውቀዋለሁ። ምላሴ ላይ ነበር። የቬስና ፊት ሲለሰልስ አየሁ። አበባውን አልጋው ላይ አኑራ መጣችና በዚያ ሁሉ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘች። በእንግሊዝኛ፣ «አመሰግናለሁ» አለችኝ። «መጥቶ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ለአባቴ ትልቅ ነገር ነው ያደረግሽለት።»

«ዩር ዌልካም» አልኳት።